የትንንሽ ከተሞች ፋስትፒች ሶፍትቦል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ የሶፍትቦል ወርዋሪ ናት። የምንኖረው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር በምትዞር ትንሽ ከተማ ነው። ሰው ቡና ሊጠጣ ወደ ቤታችን ሲመጣ ግቢ ውስጥ የተደረደሩትን ኳሶች ያይና መጠየቅ ይጀምራል። ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ወንዶችም ይጫወቱታል ወይ? ድሮ ይጫወቱት ነበር ካልኩ ደግሞ፣ ታዲያ የት ገቡ ይባላል። መልሱ ረጅም ስለሆነ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፋስትፒች ምንድን ነው? ከቤዝቦል በምን ይለያል?

ፋስትፒች ኳሷ በፍጥነት የምትወረወርበት የሶፍትቦል ዓይነት ነው። ቤዝቦልን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። የሚወረውር አለ፣ የሚመታ አለ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልብ አለ። መቺው ኳሷን መትቶ ቤዞቹን፣ ማለትም ሜዳው ላይ ያሉትን አራት ማረፊያዎች፣ ዞሮ ከተመለሰ ለቡድኑ ነጥብ ነው።

የሶፍትቦል ሜዳ ግን ትንሽ ነው። ከቤዝ እስከ ቤዝ 60 ጫማ፣ ማለትም ወደ 18 ሜትር ነው። በቤዝቦል 90 ጫማ ነው። የሶፍትቦል ኳስ ተለቅ ትላለች፤ ዙሪያዋ 12 ኢንች፣ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጨዋታው በ7 ዙር ያልቃል።

ትልቁ ልዩነት ክንድ ላይ ነው። የቤዝቦል ወርዋሪ ከትከሻው በላይ ነው የሚወረውረው። የፋስትፒች ወርዋሪ ግን ክንዱን አንድ ሙሉ ዙር ያዞርና ኳሷን ከታች፣ ዳሌው አጠገብ ይለቃታል። አገር ቤት ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ ሲያዞር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ክንዱ ገመዱ ነው፣ ኳሷ ጠጠሯ ናት።

«ሶፍት» ማለት ለስላሳ ነው፤ ስሙ ግን እንዳያታልላችሁ። አንድ ቀን የልጄ ኳስ ጭኔ ላይ አረፈች። የስፌቱ ምልክት ሁለት ሳምንት ቆዳዬ ላይ ነበር።

እውነት ያን ያህል ይፈጥናል?

ይፈጥናል። ወንዶቹ የሚወረውሩት ከ46 ጫማ ነው፤ 14 ሜትር ገደማ። ጥሩ ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰዳታል። ብታሰሉት፣ መቺው ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጅባት። ቤዝቦል ላይ ኳሷ ከዚህ ትፈጥናለች፤ ግን ከ18 ሜትር በላይ ርቃ ነው የምትነሳው። ስለዚህ የፋስትፒች መቺ ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ ከትልልቆቹ የቤዝቦል ሊጎች መቺ አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል።

በዚያ ላይ ኳሷ ቀጥ ብላ አትመጣም። መቺው ፊት ስትደርስ ወደ ታች የምትሰጥም አለች። ወደ ላይ የምትነሳ የምትመስልም አለች፤ ይህቺን የቤዝቦል ሰው ዓይኑ ስለማያውቃት ሥሯን ነው የሚቀዝፈው። በዚያው በፈጣኑ ክንድ ተወርውራ ዘግይታ የምትደርስም አለች። እኔ ሽቦው አጥር ኋላ ቆሜ ሳይ፣ መቺን ከሁሉ በላይ የምታሳፍረው ይህቺ ዘግይታ የምትመጣዋ ናት።

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። በ1961 ኮነቲከት ውስጥ፣ ዋተርበሪ ከተማ ላይ፣ ጆን ጆይስ የምትባል የ20 ዓመት ወርዋሪ ቴድ ዊሊያምስን ገጠመችው። ቴድ ዊሊያምስ ከታላላቆቹ የቤዝቦል መቺዎች አንዱ ነው። አንዷን ጫር ሲያደርግ ሌላውን ሲስት ቆየና በመጨረሻ ትቶ ሄደ።

ሁለተኛው የኤዲ ፌይግነር ታሪክ ነው። ዋላ ዋላ ከምትባል የዋሽንግተን ስቴት ከተማ የተነሳ ሰው ነው። ከ1946 ጀምሮ ራሱን ጨምሮ አራት ሰው ብቻ ይዞ ዘጠኝ ሰው ያለውን ቡድን ይገጥም ነበር። ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ይወረውራል። ከሁለተኛው ቤዝ ቆሞ ይወረውራል። በእግሮቹ መሃል ያሳልፋታል። በ1967 ሎስ አንጀለስ ዶጀር ስታዲየም በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ዊሊ ሜይስን፣ ዊሊ ማኮቪን፣ ሞሪ ዊልስን፣ ሃርመን ኪልብሩን፣ ሮቤርቶ ክሌመንቴን እና ብሩክስ ሮቢንሰንን በተራ በተራ ሳይመቱ መለሳቸው። ስድስቱም በዘመኑ የቤዝቦል ከዋክብት ነበሩ። ፌይግነር እስኪያረጅ ድረስ በየትንንሹ ከተማ እየዞረ ከ10,000 በላይ ጨዋታ ተጫውቷል። እዚህ አካባቢ አባቱ ወይ አያቱ ፌይግነርን ያላየ ሽማግሌ ማግኘት ይከብዳል።

ጨዋታው ከየት መጣ?

ከቺካጎ፣ ከቤት ውስጥ። በ1887 የምስጋና ቀን ዕለት ወጣቶች አንድ የጀልባ ክለብ ውስጥ ተሰብስበው የእግር ኳስ ውጤት ይጠብቃሉ። የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ማለቴ ነው። ውጤቱ ሲሰማ አንዱ ደስ ብሎት የቦክስ ጓንት ወረወረ፤ ሌላው በዱላ መታው። ጆርጅ ሃንኮክ የሚባል ሰው ጓንቱን አስሮ ኳስ አደረገው። በዚያው ተጀመረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1895 ገደማ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሉዊስ ሮበር የሚባል የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጓደኞቹ ጥሪ ሲጠብቁ እንዳይፈዙ ብሎ በጠባብ ግቢ የሚጫወቱትን ተመሳሳይ ጨዋታ አዘጋጀላቸው። «ሶፍትቦል» የሚለው ስም የመጣው በ1920ዎቹ ነው።

ትንንሽ ከተሞች ለምን እንዲህ ወደዱት?

ርካሽ ስለነበር። በ1933 ቺካጎ ላይ በዓለም ኤግዚቢሽኑ አጋጣሚ ትልቅ ውድድር ተደረገ፤ አገር አቀፉ ማኅበርም ያን ጊዜ ተመሠረተ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ ግን አለ። ሶፍትቦል ጥቂት ጓንት፣ አንድ ዱላና አንድ ኳስ ከተገኘ ይጫወቱታል። ሜዳው ትንሽ ስለሆነ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይበቃዋል። መንግሥትም ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር ሲል በየከተማው የመጫወቻ ሜዳ አሠርቷል፤ ብዙዎቹ ላይ መብራት ተተከለ።

መብራቱ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ገበሬ ቀን ከእርሻው አይነሳም። ሠራተኛም ቀን ፋብሪካ ነው። መብራት ሲመጣ ጨዋታው ከራት በኋላ ሆነ፤ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ሊያይ ቻለ።

ልጄን መወርወር ያስተማሯት ሽማግሌ ያን ጊዜ ከአባታቸው ሰምተው ይተርኩልኛል። ራሳቸውም ለዚህች ከተማ ብዙ ዓመት ወርውረዋል። ልጄ ከመጀመሪያው ቀን አንስታ «ጋሼ» ነው የምትላቸው፤ እኔም እንደሷው ልበላቸው። ጋሼ እንደነገሩኝ ረቡዕ ማታ መኪናዎች አፍንጫቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ዙሪያውን ይቆማሉ። ቡድኑ ነጥብ ሲያገባ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ጥሩምባ ይነፋል። ሴቶቹ ቡናና ኬክ ይሸጣሉ፤ የተገኘው ገንዘብ ለኳስና ለመብራት ነው። የመሬት ዋጋ፣ የታመመ ሰው፣ የሚዳር ልጅ፣ ሁሉም ወሬ እዚያ ነበር። «ጨዋታውን የሚያይ ግማሹ ነው» ይሉኛል፤ «ሌላው የሚመጣው ለሰው ነው።»

የፋብሪካ ቡድኖች የሚባሉትስ?

እነዚህ ከከተማ ቡድኖች ከፍ ያሉ ነበሩ። ፋብሪካው ለጥሩ ወርዋሪ ሥራ ይሰጠዋል፤ ቀን ማሽን ላይ ይቆማል፣ ማታ ይወረውራል። በስም አማተር ነው። ፎርት ዌይን ኢንዲያና ውስጥ ፒስተን የሚሠራ ዞልነር የሚባል ፋብሪካ ነበር። ቡድኑ በ1945፣ በ1946 እና በ1947 ተከታትሎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ያው ባለቤት የቅርጫት ኳስ ቡድንም ነበረው፤ ያ ቡድን ዛሬ ዲትሮይት ፒስተንስ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ አሁን አወቃችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ክሊርዋተር ቦምበርስ ከ1950 እስከ 1973 ባለው ጊዜ 10 ጊዜ ዋንጫ ወስደዋል።

ታዲያ ምን ነካው?

ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ነው ይላል። የወጣቱ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ1980ዎቹ የእርሻ ዕዳ ብዙ ገበሬ ከመሬቱ ነቀለ። ልጅ ሲያንስ ሁለት ሦስት ከተማ ተጠቃልሎ አንድ ትምህርት ቤት ሆነ። ቡድን የሚደግፉ ፋብሪካዎችም ተዘጉ።

እኔ ግን ከጋሼ ጋር አምስት ሰመር ከቆየሁ በኋላ ዋናውን ምክንያት ሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት። ጨዋታው የጠፋው ወርዋሪ ስለጠፋ ነው።

ፋስትፒች የወርዋሪ ጨዋታ ነው። የተቀሩት ስምንቱ ተራ ሰዎች ቢሆኑም ይሄዳል። ጎበዝ ሯጭ ከሆነ ከየትም ይገኛል፤ ቤዝቦል የተጫወተ ልጅ መምታትና መቅለብ ያውቃል። ወርዋሪ ግን በአንድ ሰመር አይሠራም። ዓመታት ይፈጃል። ደግሞ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ነው የሚሄደው። በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ ከተማ አንድ ወይ ሁለት ወርዋሪ ነበረው። እሱ ሲደክም ከጎኑ ቆሞ ያየ ልጅ ይተካዋል። አንድ ቀን ግን ወርዋሪው ደከመ፤ ከጎኑ ማንም አልነበረም። ያን ዓመት ቡድኑ አልተመዘገበም። በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤት ከተማው ቡድን ተጋጣሚ አጣ። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ይዞ ወደቀ።

ሌላም አለ። ጥሩ ወርዋሪዎች ሲያንሱ ገንዘብ ያለው ቡድን ይሰበስባቸው ጀመር፤ ከኒው ዚላንድ ድረስ የሚያስመጡም ነበሩ። የከተማው ልጆች እንደዚህ ዓይነቱን ሲገጥሙ አንድ ኳስ እንኳ ሳይነኩ ወደ ቤት ይገባሉ። ቀን ሲለፋ የዋለ ሰው ማታ ሦስት ጊዜ ስቶ ለመቀመጥ ስንት ሳምንት ይመላለሳል?

ስሎው ፒች ነው የገደለው ይባላል። ልክ ነው?

በከፊል። ስሎው ፒች ኳሷ ቀስ ብላ፣ ቀስት ሠርታ የምትወረወርበት ሶፍትቦል ነው። ሁሉም ሰው ይመታታል። ልምምድ አይጠይቅም፤ ሆድ ያወጣ ሰውም ይጫወተዋል። ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ወዲህ በየከተማው ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሶፍትቦል እንጫወታለን ካሏችሁ ይህንን ማለታቸው ነው።

ስሎው ፒችን መጥላት ተገቢ አይመስለኝም። ሰው ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ይገናኛል። ግን ወርዋሪ ለሌለው ከተማ መውጫ በር ሆነለት። በሩ ክፍት ስለነበር አዲስ ወርዋሪ ለማፍራት ማንም አልተጨነቀም።

የከተማ ቤዝቦል ግን እስካሁን አለ አይደል? እሱ እንዴት ተረፈ?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። አዎ፣ እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ የከተማ ቤዝቦል ደህና ነው። የስቴቱ የአማተሮች ውድድር ከ1924 ጀምሮ ያለ ነው፤ ትንንሽ ከተሞች ዛሬም ሜዳቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። የሕዝቡ ቁጥር ያው ነው፣ ቴሌቪዥኑ ያው ነው። ታዲያ ቤዝቦሉ ለምን ተረፈ?

በትምህርት ቤት ምክንያት ነው። ወንድ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤዝቦል ይማራል፤ ከትከሻ በላይ መወርወር የሚያውቅ ወጣት በየዓመቱ ይወጣል። የከተማው ቡድን ከዚያ ይቀዳል። ወንድ ልጅን በዳሌው ሥር መወርወር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን የለም። የወንዶች ፋስትፒች ምንጭ አባትና ጎረቤት ብቻ ነበር።

ሴቶቹስ?

የሴቶቹ ታሪክ ተቃራኒው ነው። በ1972 ትምህርት ቤቶች በፆታ እንዳያዳሉ የሚያግደው ሕግ ወጣ፤ ለሴቶች ስፖርትም በር ከፈተ። በ1982 የኮሌጆች ስፖርትን የሚመራው ትልቁ ማኅበር (NCAA) የራሱን የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮና ጀመረ። ዛሬ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የሚደረገው ፍጻሜ ስታዲየም ይሞላል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። ከ2008 በኋላ ወጣ፣ ቶኪዮ ላይ ተመለሰ፣ ፓሪስ ላይ አልነበረም፤ ለ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ደግሞ ተይዟል። ሁሉም የሴቶች ብቻ ነው።

ስለዚህ ያ የክንድ ጥበብ ከምድር አልጠፋም። የጋሼ እጅ የሚያውቀውን ዛሬ የሚያውቁት የ14 ዓመት ሴት ልጆች ናቸው።

ወንዶች አሁንም የሚጫወቱበት አገር አለ?

አለ። ኒው ዚላንድ የዓለም ሻምፒዮናውን ደጋግማ ወስዳለች። ካናዳ፣ አውስትራሊያና ጃፓን ጠንካሮች ናቸው። አርጀንቲና በ2019 ፕራግ ላይ ጃፓንን አሸንፋ ዋንጫ አነሳች፤ እዚያ ፓራና የምትባለው ከተማ የሶፍትቦል አገር ናት። አሜሪካ ውስጥም በየሰመሩ የሚካሄዱ ውድድሮች አልቀሩም፤ በተለይ የነባር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ጨዋታውን አልለቀቁትም። ቤተሰብ ከነአያቱ ነው የሚመጣው፤ ልጅ ከአጎቱ ጎን ቆሞ ይለማመዳል።

እኛ አበሾችን ይህ ምን አገባን?

እኔን ያገባኛል፤ ልጄ ያደገችው እዚህ ነው። ሌላውም ቢሆን ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 አንስቶ በየሰመሩ የሚያዘጋጀውን የእግር ኳስ ውድድር አስቡት። ከሚመጣው ሰው ስንቱ ነው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሜዳውን የሚያየው? ከስንት ዓመት በኋላ የተገናኘ የሠፈር ልጅ አጥሩ ሥር ተቃቅፎ ያለቅሳል። ቡድኑ ባይኖር ማን ቀጠሮ ይይዝልን ነበር? እዚህ ከተማ ረቡዕ ማታ የነበረው ይኸው ነው። ጋሼ ባዶውን ሜዳ እያሳዩ ሲነግሩኝ ተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ልጄ መወርወር መማር ይፈልጋል። ከምን ልጀምር?

ከሩቅ አትጀምሩ። ጋሼ ልጄን የጀመሯት ከሦስት ሜትር ነው። 9 ዓመቷ ነበር። መናፈሻው ውስጥ ብቻዋን አጥር ላይ ስትወረውር ከውሻቸው ጋር ሲያልፉ አዩዋት። መጀመሪያ እኔን አስፈቀዱ። ቀጥሎ «ክንድሽን ተይው፤ አንጓሽን አሳዪኝ» አሏት። ሰመሩን ሙሉ ክንድ ማዞር የለም። በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ በእጅ አንጓ ብቻ ኳሷን ማሽከርከር ነው። ክንድ መዞር የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሁለተኛ፣ ባልዲ ግዙ። የሚቀልብ ወላጅ ቁጢጥ ብሎ አንድ ሰዓት አይችልም፤ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥበታል። እዚህ አገር የወርዋሪ አባት በባልዲው ይታወቃል። የኔ ባልዲ ሰማያዊ ነው፤ በፊት የጤፍ ዱቄት ነበር የምናስቀምጥበት። የቅልጥም መከላከያ አድርጉ። በሳምንት ሦስት ቀን ከበቂ በላይ ነው፤ ክንድ ያመመው ልጅ ያን ቀን አይወረውር።

ሦስተኛ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ቪዲዮ ይረዳል፤ ግን ኳሷ ስትለቀቅ ክንዱ ዳሌን ነካ ማድረጉን ቪዲዮው አያይላችሁም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በድምፁ ያውቁታል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ፣ መጀመሪያ የጨርቅ ሽው የሚል ድምፅ አለ፤ ኳሷ ጓንት ውስጥ የምትጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። የራሳቸው ሱሪ በዚያ ዘመን በቀኝ ዳሌው በኩል ሁሌ ቀድሞ ይሳሳ ነበር፤ ሚስታቸው ሦስት ጊዜ ጥፈውታል።

ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ የሴቶቹን ወርዋሪዎች ጠይቁ። ካለፈው ሰመር ጀምሮ የ8 ዓመቱ ልጄ ከእህቱ እየተማረ ነው። የሚጫወትበት ቡድን እስካሁን የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ሁለት ወንዶች ልጆች ይመጣሉ፤ ሦስቱም አጥሩ ጋ ተንበርክከው አንጓቸውን ያሠራሉ። ጋሼ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ባልዲ አይበቃንም፤ ቅዳሜ በ3 ሰዓት የሚመቸው ወላጅ ባልዲውን ይዞ ይምጣ።